ገበያው ጠገበ ሲባል ማን ጠገበ?

ከሩሲያኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛም ወደ አማርኛ የሚሸጋገሩ የገበያ ቃላትና የባሌ ስንዴ

ከሮቤ ስንዴ ጭኖ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ለሚያራግፍ ነጋዴ «ገበያው ሞልቷል» የምትለው አጭር ወሬ መኪና የምታስቆም ወሬ ናት። ወሬዋን የሰማ ሰው ዛሬ ልጫን ወይስ ልቆይ፣ በዚህ ዋጋ ልሽጥ ወይስ መጋዘን ላስገባ ብሎ ይወስናል። ለመሆኑ ሞላ የተባለው ምኑ ነው? መጋዘኑ ነው? ገዢው የሚበቃውን ገዝቶ ነው? ወይስ ገዢው እየፈለገ ገንዘብ አጥቶ ነው? ሦስቱም «ገበያው ሞልቷል» ይባላሉ። ሦስቱ ለነጋዴው የሚሰጡት ምክር ግን ለየቅል ነው።

ወሬው ከሩቅ አገር ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ሩሲያ ዛሬ በዓለም ቀዳሚዋ የስንዴ ላኪ አገር ስትሆን፣ ስንዴዋ በአብዛኛው በጥቁር ባሕር ወደቦች፣ በተለይም በኖቮሮሲይስክ በኩል ይወጣል። ኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት በዓለም አቀፍ ጨረታ ስትገዛ ከቆየችው ስንዴ ውስጥም ከጥቁር ባሕር አካባቢ የመጣው ቀላል አይደለም። የሩሲያ የገበያ ዘገባ መጀመሪያ በሩሲያኛ ይጻፋል። ለዓለም ነጋዴ ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ በስልክም በጽሑፍም አማርኛ ለብሶ ደላላውና አስመጪው ዘንድ ይደርሳል። በዚህ ጉዞ ላይ ሩሲያኛው በአራት ቃላት ለያይቶ የሚናገረው ነገር በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል፣ በአማርኛ አንድ ቃል ሆኖ ሊቀር ይችላል። የጠፉት ቃላት ይዘውት የሚሄዱት ደግሞ ነጋዴው የሚፈልገውን መረጃ ነው።

አራት ቃል፣ አራት ዓይነት መሙላት

የመጀመሪያው ቃል «ዛቶቫሪቫኒዬ» ይባላል። መሠረቱ «ቶቫር» ሲሆን ትርጉሙ ሸቀጥ ማለት ነው። ቶቫር ወደ ሩሲያኛ የገባው ከቱርክ ሕዝቦች ቋንቋዎች እንደሆነ ይታመናል፤ በዚያ ንብረትንም ከብትንም ያመለክት ነበር። ይህ ለባሌ ሰው እንግዳ ነገር አይሆንም። በኦሮምኛ «ሆሪ» ከብትም ሀብትም ነው። በድሮ አማርኛም ከብት ሲባል ንብረት ማለት ነበር። ዛቶቫሪቫኒዬ እንግዲህ ሱቁ ወይም መጋዘኑ በማይሸጥ ሸቀጥ መታፈኑን ይገልጻል። ቃሉ የሚናገረው ስለ ሻጩ ነው፤ ዕቃው ተኝቶበታል፣ ገንዘቡም አብሮ ተኝቷል። የእንግሊዝኛ አቻው «ኦቨርስቶኪንግ» ነው። በአማርኛ «ዕቃ ተኛ» ወይም «ክምችት አፈነው» ቢባል ይገልጸዋል።

ሁለተኛው «ፔሬፕሮይዝቮድስትቮ» ነው፤ ከመጠን በላይ ማምረት ማለት ነው። እንግሊዝኛው «ኦቨርፕሮዳክሽን» ይለዋል። ይህ ቃል ጣቱን የሚቀስረው ወደ አምራቹ ነው። በሶቪየት ዘመን የኢኮኖሚ መማሪያ መጻሕፍት ይህ ቃል የካፒታሊዝም በሽታ ስም ነበር። በሶሻሊስት አገር ከመጠን በላይ ማምረት ሊኖር አይችልም ይባል ስለነበር፣ ሱቆች በማይሸጥ ዕቃ ሲሞሉ ዛቶቫሪቫኒዬ የሚለው ቃል ይወጣ ነበር። ሁኔታው አንድ ሆኖ ሳለ ጥፋቱ ከዕቅዱ ላይ ወርዶ የመጋዘን ኃላፊው ጫንቃ ላይ ይጫናል። የቃል ምርጫ ተጠያቂውን ይለውጣል ማለት ይኸው ነው።

ሦስተኛው «ናሲሽቼኒዬ» ነው። «ሲቲይ» ከሚለው፣ ጥጋብ ላይ ያለ ሰው ከሚገለጽበት ቃል የመጣ ነው። «ናሲሽቼኒዬ ሪንካ» ሲባል ቃል በቃል «የገበያ ጥጋብ» ነው። እንግሊዝኛው «ሳቹሬሽን» ይለዋል። የእንግሊዝኛው ቃልም ሥሩ ሲመዘዝ ጥጋብ ጋ ይደርሳል። እዚህ ላይ አማርኛ ከሁለቱም አያንስም፤ «ገበያው ጠገበ» የሚለው የበረንዳ አነጋገር ትክክለኛ ትርጉም ነው። ይህ ቃል የሚናገረው ስለ ገዢው ነው። መግዛት የሚችለው ገዝቷል፣ በዚህ ዋጋ ተጨማሪ አይወስድም።

አራተኛው «ኢዝቢቶክ ፕሬድሎዤኒያ» ነው። ከፍላጎቱ የበለጠ አቅርቦት፣ በእንግሊዝኛ «ኦቨርሰፕላይ» ማለት ነው። ደላሎች ሊጠነቀቁለት የሚገባው «ፕሬድሎዤኒዬ» የሚለው ቃል ነው። በሩሲያኛ ይህ ቃል አቅርቦትም ነው፣ ለጨረታ የሚቀርብ የዋጋ ማቅረቢያም ነው። ቸኩሎ የተተረጎመ ዘገባ «አቅርቦት በዛ» የሚለውን «ብዙ ኦፈር ገባ» ሊያደርገው ይችላል፤ ወይም ተቃራኒውን። ብዙ ተጫራች ለአንድ ጨረታ ዋጋ አቀረበ ማለት ግን በአገሩ ስንዴ ተትረፈረፈ ማለት አይደለም።

እነዚህን አራቱን የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ብዙ ጊዜ በአንድ አጭር ቃል ይጠቀልላቸዋል፤ «ግላት» ይላቸዋል። የቃሉ አመጣጥ ከመዋጥና አብዝቶ ከመብላት ነው። ለርዕስ ይመቻል። ለነጋዴ ግን ጥያቄ እንጂ መልስ አይሰጥም።

ፍላጎት ሲባል ኪስ ያለው ነው ወይስ ሆድ ያለው?

ከአቅርቦቱ በኩል ያለው ችግር ይህ ከሆነ፣ ከፈላጊው በኩል ያለው የባሰ ነው። ሩሲያኛ ሦስት ቃላት አሉት። «ስፕሮስ» የገበያ ፍላጎት ነው፤ «ስፕሮሲት» ከሚለው፣ መጠየቅ ከሚለው ግስ ጋር ይዛመዳል። ዋጋ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ፣ ገንዘብ ይዞ የመጣ ሰው ነው። «ፖትሬብኖስት» ሰው ለመኖር የሚያስፈልገው ነገር ነው፤ ገንዘብ ኖረውም አልኖረውም። «ትሬቦቫኒዬ» ደግሞ አቤቱታ፣ የይገባኛል ጥያቄ ወይም መሟላት ያለበት መስፈርት ነው።

እንግሊዝኛው «ዲማንድ» የሚለውን ቃል ለመጀመሪያውም ለሦስተኛውም ይጠቀምበታል። «ሚት ዘ ዲማንድ» ሲባል ለገበያው የሚበቃ ዕቃ ማቅረብ ነው። በብዙ ቁጥር «ሚት ዘ ዲማንድስ» ሲባል ግን አብዛኛውን ጊዜ የተጠየቀውን መፈጸም፣ መስፈርት ማሟላት ወይም ለጥያቄ እጅ መስጠት ይሆናል። አንዲት ፊደል ስትጨመር የወፍጮ ቤት ገበያ የሠራተኛ አቤቱታ ይሆናል ማለት ነው። ለሁለተኛው፣ ለፖትሬብኖስት፣ እንግሊዝኛ «ኒድ» የሚል ሌላ ቃል አለው። አማርኛ ግን ሦስቱንም ብዙውን ጊዜ «ፍላጎት» በሚል አንድ ጆንያ ውስጥ ይከታቸዋል።

ይህ የሰዋስው ጨዋታ የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ታሪክ ያስታውስ። ስታሊን እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው የኢኮኖሚ ጽሑፉ የሶሻሊዝም መሠረታዊ ሕግ ያለው የኅብረተሰቡን በየጊዜው የሚያድግ ቁሳዊና ባህላዊ ፖትሬብኖስት ማርካትን ነበር። ፖትሬብኖስት ያለው እንጂ ስፕሮስ አላለም። የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ ደግሞ የሚወስነው ዕቅድ አውጪው ሆነ። ገዢው ገበያ ወጥቶ ምን እንደሚጠይቅ ማንም አልጠየቀውም። ውጤቱ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሶቪየት ሱቆች ታየ። ማንም የማይወደው ልብስና ጫማ መደርደሪያ ላይ ተከምሮ ሳለ ለሚወደደው ዕቃ ሰልፍ ይያዝ ነበር። ዛቶቫሪቫኒዬና እጥረት በአንድ ሱቅ ጣራ ሥር አብረው አደሩ። በወረቀት ላይ ግን ምርቱ ዕቅዱን መትቶ ነበር።

ከዚያም ቀደም ብሎ በ1923 እ.ኤ.አ. ትሮትስኪ «መቀስ» ብሎ የሰየመው ቀውስ ደርሶ ነበር። በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር የፋብሪካ ዕቃ ዋጋ ከ1913 ጋር ሲነጻጸር 276 በመቶ ሲደርስ የእርሻ ምርት ዋጋ 89 በመቶ ላይ ቀረ። ገበሬው እህሉን ሸጦ ጨርቅና ማረሻ መግዛት አልቻለም። የፋብሪካ መጋዘኖች በዕቃ ታፈኑ። በዚያን ጊዜ ገበያው ጠገበ ቢባል ቀልድ ይሆን ነበር፤ ገጠሩ ራቁቱን ነበርና። የጎደለው ፖትሬብኖስት ሳይሆን ስፕሮስ ነበር። የሩሲያ ኢኮኖሚስቶች ይህን ለመለየት «ፕላትዮዤስፖሶብኒ ስፕሮስ» ይላሉ፤ የመክፈል አቅም ያለው ፍላጎት ማለት ነው። እንግሊዝኛው «ኢፌክቲቭ ዲማንድ» ይለዋል። በአማርኛ «ኪስ ያለው ፍላጎት» ቢባል ደላላም ገበሬም ይረዳዋል።

የሞስኮ ቃል በኢትዮጵያ ሚዛን

ይህ ሁሉ ኢትዮጵያን የሚነካት በስንዴ ዘገባ በኩል ብቻ አይደለም። በደርግ ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በሶቪየት ኅብረት ተምረው ተመልሰዋል። ኢኮኖሚው ራሱም በዚያ ቋንቋ ይታቀድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እህል ይሰበስብ ነበር። የገበሬ ማኅበራት ኮታ ይጣልባቸዋል፤ የእህል ነጋዴውም ከገዛው ላይ ከፊሉን በቁርጥ ዋጋ ለድርጅቱ እንዲያስረክብ ይገደዳል። ድርጅቱ የሰበሰበውን ለሠራዊቱ፣ ለመንግሥት ተቋማትና ለከተማ ቀበሌ ሱቆች ያከፋፍላል።

በሪፖርት ላይ ፍላጎት ተሟላ ሲባል የተሟላው የኮታው ሰንጠረዥ ነበር። ምርት ያነሰበት ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ እንደነበር በዘመኑ የተሠሩ ጥናቶች መዝግበዋል። ያ ገበሬ በመዝገቡ ላይ ሻጭ ነው፣ አቅራቢ ነው። በእውነቱ ግን ገዢ ነበር፤ ያውም የከሰረ ገዢ።

የሚገርመው ይህን ስሕተት ቀድመው ከተናገሩት ውስጥ ሩሲያውያኑ ራሳቸው መገኘታቸው ነው። በብሔራዊ ማዕከላዊ ፕላን ኮሚቴ የተመደቡና በሶኮሎቭ የሚመሩ የሶቪየት የፕላን አማካሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ኢትዮጵያ የቀጣይ ዓመታት የኢኮኖሚ ፖሊሲ ሪፖርት አቅርበዋል። በሪፖርቱም ለገበሬው የተሻለ ማበረታቻ እንዲሰጥና ለግሉ ዘርፍ ቦታ እንዲተው መክረዋል። የሪፖርቱ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካው ራንድ የጥናት ተቋም በኩል፣ ከፖል ሄንዝ ትንታኔ ጋር ታትሟል። ምክሩ በጊዜው ሰሚ አላገኘም። ቅይጥ ኢኮኖሚ የታወጀውና የእህል ንግድ የተለቀቀው በየካቲት 1982 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ጊዜ ሥርዓቱ ራሱ ሊወድቅ ከአንድ ዓመት ብዙም ያልበለጠ ዕድሜ ነበረው። የገበያ ድርጅቱም ከለውጡ በኋላ የኢትዮጵያ እህል ንግድ ድርጅት ሆኖ እንደገና ተደራጀ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከሌሎች ጋር ተጠቃሎ የኢትዮጵያ ንግድ ሥራዎች ኮርፖሬሽን አካል ሆነ።

የ1994 በቆሎ ያስተማረው

ኮታ ቀረ፣ ገበያ ተለቀቀ ማለት ግን የቃሉ ስሕተት ቀረ ማለት አልሆነም። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በቆሎ በተከታታይ በደንብ ተመረተ። ገበያው ሊሸከመው አልቻለምና ዋጋው ተሰበረ። በአንዳንድ ትርፍ አምራች አካባቢዎች የኩንታሉ ዋጋ ወደ 20 ብር ግድም እስከመውረድ ደረሰ። ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቃተው። ምርቱን ከማሳ ለማንሳት የሚያወጣው ጉልበት ከሚያገኘው ዋጋ የበለጠበትም ነበር።

በወቅቱ «ትርፍ ምርት» የሚለው ቃል በየስብሰባው ይነገር ነበር። ትርፍ የተባለው ከምን የተረፈ ነበር? ከኪስ ያለው ፍላጎት የተረፈ እንጂ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ሆድ የተረፈ አልነበረም። እህሉን ከተረፈበት ወደ ጎደለበት የሚያደርስ መንገድ፣ እስከ ክፉ ቀን የሚያቆይ መጋዘን፣ ዋጋው ሳይሰበር የሚገዛ የነጋዴ ብድር ስላልነበረ በቆሎው ባለበት ተኛ። በሩሲያኛ ቢነገር ዛቶቫሪቫኒዬ ነበር፤ የተነገረው ግን እንደ ፔሬፕሮይዝቮድስትቮ ነው። ገበሬው የሰማው «አብዝተህ አመረትክ» የሚለውን ነው። በሚቀጥለው ወቅት የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ግዢውን ቀነሰ። ዝናቡም ተበላሸ። በ1995 ዓ.ም. የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ዋጋ ከተሰበረበት ጊዜ እስከ ረሀቡ የነበረው ርቀት አንድ ዓመት ብቻ ነው።

ሮቤ፣ ጎባና ሪራ

ወደ ባሌ ደጋ ስንመጣ እነዚህ ልዩነቶች በዓይን የሚታዩ ናቸው። የሲናናና የሮቤ አካባቢ በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅት አለው። ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ያለው «ገና»፣ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ያለው «ቦና» ይባላል። ስለዚህ የሮቤ ገበያ በዓመት ሁለት ጊዜ አዲስ እህል ይቀበላል፣ ሁለት ጊዜም ዋጋው ይላላል። በምርት መሰብሰቢያ ሰሞን ኮምባይን ወጥቶ ሁሉም ገበሬ ዕዳውን ለመክፈል በአንድ ሳምንት ሲሸጥ የሚታየው መላላት የጊዜ ጥጋብ ነው። ሰሞኑ ሲያልፍ ይነሣል። ይህን እንደ ቋሚ የአቅርቦት ብዛት ቆጥሮ በርካሽ የሚሸጥ ሰው የሁለት ወር ትዕግሥቱን ለሌላ ነጋዴ ሰጠ ማለት ነው።

የስንዴው ዓይነትም መለየት አለበት። ባሌ የዳቦ ስንዴ ብቻ ሳይሆን ለፓስታና ለመኮሮኒ የሚሆነው ዱረም ስንዴም የሚመረትበት አገር ነው። ዱቄት ፋብሪካዎች የዳቦ ስንዴ በቃን ቢሉ ፓስታ ፋብሪካው ጠገበ ማለት አይደለም። የቢራ ገብስ የሚገዛውም ሌላ ነው፣ ለበሶ የሚሸምተውም ሌላ። «እህል ሞልቷል» የሚል ደላላ ካለ የትኛው እህል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቦታም እንዲሁ ይለያያል። ከጎባ ተነስቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ ሪራን የሚያገኛት በሐረና ደን ጫፍ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ማር ወይም የደን ቡና ተሰብስቦ ሳለ ብርድና ጭጋግ፣ ዝናብና ጭቃ መኪና ቢያስቀር ምን ይባላል? የሪራ ሰው ቤት ውስጥ ማር ተኝቷል፤ ዋጋው በደጁ ላይ ይወርዳል። ጎባና ሮቤ ያለው ገዢ ግን አልጠገበም፤ ከናካቴው አልቀመሰም ይሆናል። ይህ የመንገድ እንጂ የገበያ ሙላት አይደለም። መንገዱ ሲከፈት ቀድሞ የደረሰ ነጋዴ የሚያተርፈው ዛቶቫሪቫኒዬን ከናሲሽቼኒዬ ስለለየ ነው፤ ቃላቱን ሰምቷቸው ባያውቅም።

ልዩነቱ ከፍ ባለ ደረጃ የታየው በ2015 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዓመት የካቲት ወር መንግሥት ስንዴ ወደ ውጭ የመላክ መርሃ ግብር በይፋ ጀመረ። የአገር ውስጥ ፍላጎት ተሟልቷል የሚለው አነጋገርም አብሮ ተሰማ። በዚያው ወቅት በቦረና፣ በሶማሌ ክልልና በባሌ ቆላማ አካባቢዎች ለአምስት ተከታታይ ወቅቶች ዝናብ ጠፍቶ ከብት ያልቃል፣ ሰው እርዳታ ይጠብቃል። የባሌ ደጋ ስንዴውን ወደ ውጭ ለመላክ ይነጋገራል፤ የባሌ ቆላ ደግሞ እህል ይናፍቃል። ሁለቱ ወሬዎች እርስ በርስ የሚጋጩ የመሰላቸው ብዙ ነበሩ። ቃሉ ቢለይ ኖሮ ግን ክርክሩ መልክ ይይዝ ነበር። ስፕሮስ ተሟልቷል ማለት ይቻል እንደሆነ በገበያ ዋጋ ይታያል፤ ስንዴ በከተማው እየተወደደ ከሄደ ስፕሮሱም አልተሟላም። ፖትሬብኖስት ተሟልቷል ወይ የሚለው ደግሞ በእርዳታ ጠባቂው ቁጥር ይታያል። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ «ፍላጎት» በሚል አንድ ቃል አንድ መልስ ሊሰጣቸው አይችልም።

ቃሉን ወደ ብር መመንዘር

ነጋዴው ይህን ሁሉ ሰምቶ ምን ያድርግ? ለስሌት እንዲቀል አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ነጋዴ 100 ኩንታል ስንዴ በኩንታል 4,000 ብር ገዛ እንበል። ያወጣው 400,000 ብር ነው። ገንዘቡ በወር 1.5 በመቶ ወለድ የሚከፈልበት ቢሆን በወር 6,000 ብር ይሄዳል። ለመጋዘን፣ ለዘበኛና ለተባይ መድኃኒት በወር 1,000 ብር ቢጨመር ጠቅላላው 7,000 ብር ይሆናል። በኩንታል 70 ብር ማለት ነው። ሦስት ወር ቢያቆየው ከኪሳራ ለመዳን ብቻ በኩንታል 4,210 ብር መሸጥ አለበት። የሚጎድለው ክብደትና የሚበላሸው ገና አልታሰበም።

አሁን «ገበያው ሞልቷል» የሚለው ወሬ ሲመጣ ነጋዴው የሚጠይቀው ይለወጣል። የሰሞኑ ጥጋብ ከሆነ 210 ብሩን አውጥቶ መቆየት ያዋጣል። በመንገድ መዘጋት የተኛ ከሆነ መፍትሔው ማቆየት ሳይሆን መኪና ማግኘት ነው። ጥራቱ ተጓድሎ ወይም ዓይነቱ ገዢ አጥቶ የተኛ ከሆነ እያንዳንዱ ወር 70 ብር እየጨመረ የሚሄድ ኪሳራ ነው፤ ቶሎ ማራገፍ ይሻላል። ሰው እየፈለገ ኪሱ ባዶ ሆኖ የቆመ ገበያ ከሆነ ደግሞ ዋጋው የሚነሣው ገንዘብ ሲገባ ነው፤ የመንግሥት ወይም የእርዳታ ድርጅቶች ግዢ መኖር አለመኖሩን ማጣራት ይቀድማል።

ከውጭ በእንግሊዝኛ የመጣን ዘገባ የሚያነብ አስመጪ ወይም ደላላም በተመሳሳይ መንገድ ጥቂት ጥያቄዎችን ቢያቀርብ አይጎዳም።

አንደኛ፣ «ግላት» ወይም «ሰርፕለስ» የተባለው በማን እጅ ያለ ነው? በወደብ መጋዘን የተኛ ከሆነ ሻጩ ተጨንቋል፣ ዋጋ ለመደራደር ጊዜው ነው። ገና በማሳ ላይ ያለ የምርት ግምት ከሆነ ዝናብና በረዶ ሊለውጡት ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ «ሳቹሬትድ» የተባለው ገበያ የጠገበው በምን ዋጋ ነው? በ10 በመቶ ቢወርድ አዲስ ገዢ የሚመጣ ከሆነ አልጠገበም፤ ዋጋው ነው የራቀው።

ሦስተኛ፣ «ሚት ዲማንድ» የተባለው የማን ፍላጎት ነው? የሚከፍል ገዢ ነው፣ በመንግሥት ዕቅድ የተጻፈ መጠን ነው፣ ወይስ በእርዳታ ድርጅት የተገመተ የችግረኛ ቁጥር ነው? ሦስቱ በሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ይገለጻሉ፤ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም።

አራተኛ፣ ዘገባው ከሩሲያኛ የተመለሰ ከሆነና ሩሲያኛ የሚያነብ ሰው በአካባቢው ካለ፣ የመጀመሪያውን ቃል ማየት ነው። በሞስኮ፣ በኪየቭና በሌኒንግራድ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ዛሬም በየከተማው አሉ። አንድ ቃል ለመጠየቅ የሚከፈለው የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ነው። ቃሉን ሳይጠይቁ ለተጫነ መርከብ የሚከፈለው ግን ሌላ ነው።

ለተርጓሚዎችም የሚነገር አለ። አማርኛ ለዚህ ሥራ ቃል አያንሰውም። ዕቃ ተኛ፣ ምርት በዛ፣ ገበያ ጠገበ፣ ገዢ ጠፋ፣ ኪስ ነጠፈ ሲባል የሮቤ ገበሬም የእህል በረንዳ ተሸካሚም ይለያቸዋል። በገበያ ውስጥ ተለይተው የሚኖሩትን ቃላት ቢሮ ውስጥ «የአቅርቦትና የፍላጎት አለመመጣጠን» ብሎ አንድ ላይ መጠቅለል ግን የበረንዳው ሰው የሚያውቀውን ነገር ወረቀቱ እንዲረሳው ያደርጋል።

«ገበያው ጠገበ» የሚል ወሬ በመጣ ቁጥር በምን ዋጋ፣ የት፣ የትኛው እህል፣ እስከ መቼ የሚሉት አራት ጥያቄዎች መከተል አለባቸው። መልሳቸው ካልተገኘ የተሰማው የገበያ ዜና አይደለም፤ የአንድ ሻጭ ወይም የአንድ ገዢ ምኞት ሊሆን ይችላል። በ1994 ዓ.ም. በቆሎው ሲረክስ ጠገበ የተባለው ገበያ በ1995 ዓ.ም. እህል ፈላጊ ሆኖ ተገኝቷልና።